የመኪና ቴፕ ሲያፏጭ፦ ማሳ፣ ፊልተር፣ ገመድ ወይስ ዲናሞ?

ሞተር ሲነሳ ከስፒከሩ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ነዳጅ ስትሰጡ ፉጨቱ ይቀጥናል፣ ስትለቁ ይወፍራል። ሙዚቃው ከፍ ሲል ይሸፈናል፤ ዝቅ ሲል ወይም አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለው ክፍተት እንደገና ብቅ ይላል። ይሄ ችግር የገጠመው ሰው የሚቸገረው መፍትሔ አጥቶ አይደለም፤ መፍትሔው በዝቶበት ነው። አንዱ "ፊልተር ግዛ" ይለዋል። ሌላው "ገመዱን ቀይር" ይላል። ሦስተኛው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያከማች ዕቃ) ያስጨምረዋል፣ አራተኛው "ዲናሞህ አልቋል" ብሎ ይደመድማል።

ከካፓሲተሩ በስተቀር ሁሉም ለሆነ ዓይነት ጫጫታ ትክክለኛ መልስ ናቸው። ለእናንተ መኪና የቱ ነው የሚለውን የሚወስነው ጫጫታው በየት በኩል እንደገባ ነው። እኔ የማምነው ነገር ቢኖር ገንዘብ የማያስወጣው ሥራ መቅደም እንዳለበት ነው። ማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል የሚመለስበት ግንኙነት) ማጥበቅና ገመድ ማራራቅ ብዙውን ፉጨት ያጠፋሉ። የሚገዛው ዕቃ የሚመጣው እነዚህ ተሞክረው ሳይበቁ ሲቀሩ ነው።

ድምፁ ራሱ ብዙ ይናገራል

ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ከሆነ ነገሩ ከዲናሞው ጋር ይገናኛል። ይሄ ማለት ግን ዲናሞው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ዲናሞ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ (ኤሲ) ነው። ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ (ዲሲ) ይለውጡታል። ሲለውጡት ግን ሙሉ በሙሉ አይለሰልስም፤ ትንሽ ሞገድ ይቀርበታል። ይሄ ሞገድ በማንኛውም ጤነኛ መኪና ውስጥ አለ። ችግር የሚሆነው ወደ ሙዚቃው መስመር መግቢያ ሲያገኝ ነው።

ዋናው መግቢያ ደግሞ የማሳ ልዩነት ነው። ቴፑ ማሳ የሚያገኘው ከዳሽቦርድ ጀርባ ነው። ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ማሳ የሚያገኘው ከኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ወለል ነው። ሁለቱ ቦታዎች እኩል ዜሮ ቮልት ላይ ከሆኑ ሰላም ነው። በመካከላቸው ጥቂት ሚሊቮልት እንኳ ካለ ግን ኤሌክትሪኩ ሙዚቃውን ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚወስደው የአርሲኤ ገመድ ሽፋን በኩል መንገድ ያገኛል። አምፕሊፋየሩም ያንን እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ ያጎላዋል።

ሌሎቹ ድምፆች በአጭሩ ይሄን ይመስላሉ። ሞተሩ ሲሠራ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ከካንዴላ፣ ከኮይል ወይም ከነዳጅ መርጫው ነው። ቁልፍ እንደተከፈተ የሚጀምርና ነዳጅ ሲሰጡት የማይለወጥ ጉርምርምታ ከነዳጅ ፓምፕ ወይም ከማራገቢያ ሊሆን ይችላል። ሞተር ተነሳም አልተነሳም ሁልጊዜ "ሽሽሽ" የሚል ከሆነ የጌን፣ ማለትም የአምፕሊፋየሩ ሲግናል ማመጣጠኛ ጉዳይ ነው። ስልክ ሊጠራ ሲል የሚሰማው "ተተተተ" ደግሞ የስልኩ የራሱ ሬዲዮ ነው፤ የድሮው ጂኤስኤም ኔትወርክ በሰከንድ 217 ጊዜ ስለሚልክ ድምፁ በጆሮ ይሰማል። ለዚህኛው ስልኩን ከቴፑና ከገመዱ ራቅ ማድረግ ብቻውን ይበቃል፤ ምንም አትግዙ።

ከመግዛታችሁ በፊት የሚደረጉ ሦስት ሙከራዎች

ሞተሩን አስነሱና የቴፑን ድምፅ ዜሮ ላይ አድርጉት። ፉጨቱ እዚያው ካለና ድምፅ ስትጨምሩም ስትቀንሱም የማይለወጥ ከሆነ፣ የገባው ከድምፅ ማስተካከያው በኋላ ነው። ማለትም በአርሲኤ ገመዱ፣ በአምፕሊፋየሩ ወይም በኃይል መስመሩ በኩል ነው። ከድምፁ ጋር አብሮ የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ ግን ከምንጩ ነው የመጣው፦ ከስልኩ፣ ስልኩን ከቴፑ ጋር ከሚያገናኘው ኦክስ ገመድ ወይም ከአንቴናው።

ሁለተኛው፣ ሲስተሙን አጥፉና አርሲኤ ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ላይ ንቀሉ፤ ከዚያ መልሳችሁ አብሩት። ፉጨቱ ከቀጠለ ጥፋተኛው አምፕሊፋየሩ፣ የእሱ ማሳና የኃይል ገመድ፣ ወይም ወደ ስፒከር የሚሄዱት ሽቦዎች ናቸው። ከጠፋ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ያለው ነገር ነው። ሲስተሙ በርቶ እያለ አርሲኤ መንቀልና መሰካት ግን ፈጽሞ አይገባም። የመካከለኛው ፒን ከሽፋኑ ቀድሞ ስለሚነካ ኃይለኛ ጩኸት ይወጣል፤ ትንሿን ስፒከር ሊያቃጥላት ይችላል።

ሦስተኛው፣ ቻርጀር ላይ ያልተሰካ ስልክ በአጭር ገመድ ቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ስኩና ሙዚቃ አጫውቱ። ንጹሕ ከሆነ አምፕሊፋየሩ ነፃ ነው። የቀረው ቴፑ ወይም ገመዱ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሌላ አርሲኤ ገመድ ተበድራችሁ በወንበሮቹ ላይ ዘርግታችሁ ከቴፑ እስከ አምፕሊፋየሩ አገናኙ። ፉጨቱ ከጠፋ የድሮው ገመድ ወይም ያለፈበት መንገድ ነው ችግሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ሙከራ አለች። አንዳንድ ቴፖች ውስጥ በአርሲኤ መውጫው ማሳ ላይ በጣም ትንሽ ፊውዝ አለች። ማሳው የላላ አምፕሊፋየር፣ ወይም ሲስተሙ በርቶ እያለ የተሰካ ገመድ ያቃጥላታል። ከዚያ በኋላ ቴፑ መጫወቱን ይቀጥላል፤ ፉጨቱ ግን አይለቅም። አንድ ቁራጭ ሽቦ ወስዳችሁ በቴፑ ጀርባ ያለውን የአርሲኤ የውጭ ቀለበት ከቴፑ የብረት አካል ጋር አነካኩት። ፉጨቱ ወዲያው ፀጥ ካለ ፊውዟ ሄዳለች ማለት ነው። ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ ይተካታል። ይሄን ሳያውቁ ገመድና ፊልተር ሲገዙ የሚከርሙ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ሙከራው ደቂቃ አይፈጅም።

ማሳ ማስተካከል ወይስ ፊልተር መግዛት?

ብዙ ሰው የሚያመነታው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም የማላመነታበት ቦታ ይሄ ነው። ማሳው ይቅደም።

ማሳ ማስተካከል ሲባል ገመዱን ባገኙት ብሎን ላይ ጠምዝዞ ማሰር አይደለም። የመኪና ቦዲ በቀለም የተሸፈነ ነው፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ብሎኑ በሚያርፍበት ቦታ ዙሪያ ያለውን ቀለም የሚያብረቀርቅ ብረት እስኪታይ ድረስ ትፍቃላችሁ። ከሥር ያለውን ደብዛዛ ግራጫ ቅብ ያዩና "ብረት ደረስኩ" ብለው የሚያቆሙ አሉ፤ እሱም ቅብ ነው፤ ቀጥሉ። ከዚያ በገመዱ ጫፍ ላይ በደንብ የተጨመቀ ቀለበት ታደርጋላችሁ። ከቀለበቱ ጋር ጥርስ ያለው ሮንዴላ ታስገቡና በዳዶ ታጠብቃላችሁ። በእጅ ስትወዘውዙት ንቅንቅ ማለት የለበትም። ካሰራችሁ በኋላ ዝገት እንዳይበላው ከላይ ቀለም ወይም ቅባት ቀቡት።

የማሳው ገመድ ውፍረት ከፖዘቲቩ ገመድ ማነስ የለበትም። ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። የወንበር ቀበቶ ብሎን ላይ ግን አታስሩት። ቦታው ቢመችም ያ ብሎን የሰው ሕይወት ይዟል፤ በሥሩ ቀለበት መጨመርና ደጋግሞ መፍታት ጥንካሬውን ይነካል። ቀጥታ ከባትሪው ነጌቲቭ ጫፍ ላይ ማሰርም ብዙ ጊዜ ጥሩ ሐሳብ አይደለም። ባትሪው ነጌቲቭ ጫፍ ላይ የኃይል መቆጣጠሪያ ሴንሰር ያላቸው አዳዲስ መኪኖች አሉ፤ ሴንሰሩን አልፋችሁ ካሰራችሁ መኪናው የባትሪውን ሁኔታ በትክክል ማንበብ ያቅተዋል።

ሥራችሁ መልካም መሆኑን ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይነግራችኋል። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ አምፕሊፋየሩ ላይ ማሳው የታሰረበት ቦታ፣ ሌላውን የባትሪው ነጌቲቭ ላይ አስነኩ፤ ለዚህ ረጅም ሽቦ ያስፈልጋል። ሞተሩ ተነስቶ ሙዚቃው ጮክ ብሎ እየተጫወተ የምታነቡት ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ጥሩ ነው። ወደ 0.5 የሚጠጋ ከሆነ የሆነ ቦታ ላልቷል ወይም ዝጓል። በኦም መለካት ግን ያሳስታል። የቴስተሩ ገመዶች ራሳቸው ጥቂት የኦም ክፍልፋዮች ስላላቸው መጥፎውን ከጥሩው አይለዩላችሁም።

አሁን ወደ ፊልተሩ እንምጣ። የኃይል መስመር ፊልተር የሚባለው በውስጡ የሽቦ ጥቅልልና ካፓሲተር ያለው ትንሽ ሳጥን ነው። ወደ ቴፑ በሚገባው የኃይል ገመድ ላይ ይገጠማል፤ ሞገዱንም ያለሰልሳል። በትክክል የሚጠቅመው ጫጫታው በፖዘቲቭ ገመዱ በኩል ወደ ቴፑ ሲገባ ነው። ይሄን ቀድሞ ማወቅ ይቻላል፤ ቴፑን ለጊዜው በፊውዝ በኩል ከሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ኃይል ስጡት። ፉጨቱ ከጠፋ ፊልተር ሊረዳ ይችላል። ካልጠፋ ፊልተር መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። ስትገዙ የሚሸከመውን አምፔር ተመልከቱ፤ ከቴፑ ፊውዝ ማነስ የለበትም። 10 ወይም 15 አምፔር የሚል ፊልተር ለቴፕ ነው። ትልቅ አምፕሊፋየር ላይ ብትገጥሙት ይግላል፣ ኃይልም ያንቃል።

ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር መቼ ይበጃል?

ይሄ የማሳ ዙርን የሚቆርጥ ዕቃ ከኃይል ፊልተሩ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። እሱ የሚገጠመው በሙዚቃው ገመድ ላይ ነው። ውስጡ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች አሉ። ሙዚቃው በማግኔት ይሻገራል፤ የማሳው ሽቦ ግን ይቋረጣል። ስለዚህ በማሳ ልዩነት የመጣን ፉጨት ወዲያው ይቆርጠዋል። ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ድምፁ ነው። ርካሹ ላይ ትራንስፎርመሩ ትንሽ ስለሆነ ከሥር ያለውን ወፍራም ድምፅ ይበላዋል፤ ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ያለው ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይሰማዋል። ቴፑ የሚልከው ሲግናል ጠንካራ ሲሆን ደግሞ ድምፁን ያዛባል። ስለዚህ በቴፕና በአምፕሊፋየር መካከል አይሶሌተር መግጠም ለእኔ ማስታገሻ ነው፤ የላላው ማሳ እዚያው ተቀምጧል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ስልካችሁን በቻርጀር ሰክታችሁ በዚያው በኦክስ ገመድ ሙዚቃ ስታጫውቱ የሚያፏጭ፣ ቻርጀሩን ስትነቅሉ ፀጥ የሚል ከሆነ፣ ችግሩ ስልኩ በሁለት መንገድ ማሳ ማግኘቱ ነው። እዚህ የምትፈቱት ብሎን የለም። ኦክስ ገመዱ ላይ የምትሰካ ትንሽ አይሶሌተር ነገሩን ትጨርሰዋለች። ሁለተኛው አማራጭ ብሉቱዝ ነው፤ ገመድ ከሌለ የማሳ ዙር የለም። ቴፑ ብሉቱዝ ካለው አይሶሌተሩንም አትግዙ። ከኦክስ ጋር የሚሰካ የብሉቱዝ መቀበያ ገዝታችሁ እሱኑ ከመኪናው ቻርጀር ብትሰኩት ግን ፉጨቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ የራሱ ባትሪ ያለውን ምረጡ።

ውድ ገመድ ወይስ ሌላ መንገድ?

የአርሲኤ ገመድ ውፍረቱና ወርቃማ ጫፉ ለጫጫታ ብዙም አይፈይድም። የሚፈይደው የውስጡ አሠራር ነው። እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች ያሉት ገመድ ከጎኑ ካለው የኃይል ገመድ የሚመጣውን የማግኔት ጫጫታ በደንብ ይከላከላል። አንድ ሽቦ በመረብ የተሸፈነበት ገመድ ለሬዲዮ ሞገድ ጥሩ ነው፤ ከወፍራም የኃይል ገመድ ጎን ሲተኛ ግን ይቸገራል። ምርጫ ካላችሁ ለመኪና የተጠማዘዘውን ውሰዱ።

ከዚያ በፊት ግን መንገዱን እዩ። የኃይል ገመዱና አርሲኤው በአንድ በኩል አብረው ከሄዱ ለዩአቸው፤ አንዱ በግራ በር ሥር፣ ሌላው በቀኝ ይሂድ። ቢያንስ ወደ 45 ሴንቲሜትር ማራራቅ የተለመደ ነው። መሻገር ግድ ከሆነ መስቀለኛ አድርጋችሁ አሻግሯቸው እንጂ ጎን ለጎን አታስተኟቸው። የተረፈውን አርሲኤም አምፕሊፋየሩ ሥር ጠቅልላችሁ አታከማቹ፤ በልኩ የተቆረጠ አጭር ገመድ ከረጅም ውድ ገመድ ይሻላል።

"ሽሽሽ" ለሚለው

ይሄ ማሳም ገመድም አይፈልግም። የአምፕሊፋየሩ ጌን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ከቴፑ የሚመጣውን ሲግናል ጥንካሬ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማመጣጠኛ ነው። እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ጫጫታውንም አብሮ ያጎላል። ቴፑን ወደ ሦስት አራተኛው ከፍ አድርጉና ጌኑን ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ትንሽ መልሱት።

አዲስ ቴፕ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የአርሲኤ መውጫው ስንት ቮልት እንደሆነ ጠይቁ። 4 ቮልት የሚያወጣ ቴፕ 2 ቮልት ከሚያወጣው ይልቅ ጌኑን ዝቅ አድርጋችሁ እንድትጠቀሙ ያስችላል። በመንገድ ላይ የሚገባው ጫጫታ ከሙዚቃው አንጻር ያንሳል። ቴፕ መቀየር ካልቀረ ይሄ ልዩነት ገንዘቡ ይገባዋል። ለፉጨት ብቻ ተብሎ ግን ቴፕ አይቀየርም።

ዲናሞው በእርግጥ ጥፋተኛ ሲሆን

ሞተር ጠፍቶ ጤነኛና የተሞላ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተር ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.4 መካከል ይሆናል። ቀጥላችሁ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ መብራቱም ማራገቢያውም በርቶ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ0.1 በታች ከሆነ ዲናሞውን ተዉት። ከ0.5 በላይ ከሆነ አንድ ዳዮድ ሳይቃጠል አይቀርም፤ ያኔ ማሳ ብታስሩም ፊልተር ብትገጥሙም ፉጨቱ አይለቅም፣ ባትሪውም አብሮ ይጎዳል። አንዳንድ ርካሽ ቴስተር ግን ኤሲ ላይ ሆኖ ዲሲውን ይቆጥርና 28 አካባቢ ያሳያል። ያንን አይታችሁ አትደንግጡ፤ በተሻለ ቴስተር ለኩ።

ዲናሞ መቀየር ከሁሉም ውዱ መፍትሔ ነው። ስለዚህ ይሄ ልኬት ሳይኖር "ዲናሞ ነው" የሚላችሁን ባለሙያ ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተርስ? እሱ የሚሸጠው ቤዝ ሲመታ መብራት ለሚደበዝዝበት መኪና ነው። የማሳ ልዩነትን አይነካም። ከሞተር ወደ ቦዲ፣ ከባትሪ ወደ ቦዲና ከዲናሞ ወደ ባትሪ የሚሄዱትን ገመዶች በወፍራም መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው። የድሮዎቹ ዝገውና ተበልተው ከሆነ ፉጨትንም መብራት መደብዘዝንም በአንድ ላይ ሊያስተካክል ይችላል።

ሬዲዮ ላይ ብቻ ከሆነ

ከስልክ ስታጫውቱ ንጹሕ፣ ሬዲዮ ስትከፍቱ ጫጫታ ከሆነ እስካሁን ያልነው ሁሉ አይመለከታችሁም። አንቴናውን ከቴፑ ጀርባ ንቀሉት። ጫጫታው ከጠፋ በአንቴናው ነው የገባው። ከዚያ በመኪናው ውስጥ ያሉትን ትርፍ ዕቃዎች አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ የመንገድ ካሜራና በኋላ የተገጠሙ ኤልኢዲ አምፖሎች የታወቁ ጥፋተኞች ናቸው። ሁሉም ተነቅለው ካልጠፋ የአንቴናውን እግር ፈትታችሁ ማሳውን እዩ፤ ውኃ ገብቶበት ዝጎ ይገኛል። ጠቅ ጠቅ ከሆነ ደግሞ መኪናው የሚፈልገው ሬዚስተር ያለው ካንዴላ መገጠሙን አረጋግጡ።

ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶች አትንኩ፤ አጠገባቸውም የሙዚቃ ገመድ አታሳልፉ። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማሉ።

ሁሉንም አድርጋችሁ፣ አርሲኤው ተነቅሎ እያለ ፉጨቱ ካልጠፋ፣ አምፕሊፋየሩን ከመኪናው አውጥታችሁ በፊውዝ በኩል ከሌላ ባትሪ ጋር ሞክሩት። የማብሪያዋን ቀጭን ሽቦም ከፖዘቲቩ ጋር ማገናኘት አትርሱ። ወንበር ላይ ተቀምጦም የሚያፏጭ ከሆነ ያለቀው ውስጡ ነው። ሊጠገን የሚችል ጥሩ አምፕሊፋየር ከሆነ ለጠጋኝ ስጡት፣ ርካሽ ከሆነ ቀይሩት።